የሰባው በሬ ጉበት ቀይ ነው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁ ኮምቦልቻ የምትደርሰው ዘግየት ብላ ነው። ቢሆንም ካገኘኋት ሳልጨርሳት አላስቀምጣትም። ባለፈው ሰሞን የጤና ዓምዳችሁ ስለ ሰባ ጉበት ጽፎ ነበር። ርዕሱን በማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ጮማና ቅቤ የሚያዘወትር ሰው ስቡ ሄዶ ጉበቱ ላይ ይጋገራል የሚለው ነገር። መፍትሔውም በዚያው ሂሳብ ቅባት መቀነስ ብቻ ሆኖ ቀረ። የምጽፈው በዚህ ላይ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ቄራ ውስጥ ስጋ ስመረምር አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስጋ መርማሪ ሳንባም ያያል፣ ልብም ያያል፣ እጢም ይቆርጣል። ግን እንደ ጉበት የሚያየውና የሚጥለው ነገር የለም።

ጉበቱ መንጠቆ ላይ ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ በዓይን ነው። ቀጥሎ በእጅ ይዳሰሳል። ከዚያ ቢላ ይገባል። የደህና በሬ ጉበት ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ ነው። ጠርዙ ስስ ነው። ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል። በእኛ አካባቢ ጉበት በብዛት የሚጣለው በስብ ሳይሆን በጉበት ትል ነው። ረግረግ ለረግረግ ሲግጥ የኖረ ከብት የሐሞት ቱቦው ይደድራል፤ ቢላ ሲያልፍበት ይንኮሻኮሻል። የእሱ ጉድ ብዙ ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የሰባ ጉበት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ ግን አይሳትም። ከሩቅ ቢጫ ይላል። አብጧል። ስስ መሆን የነበረበት ጠርዝ ዱልዱም ሆኗል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ቢላው ገብቶ ሲወጣ ስለቱ ቅባት ለብሶ ይወጣል፤ ካልጠረጉት ቀጣዩን ለመቁረጥ ያስቸግራል። አሁንም ጥርጣሬ ካለ ከጫፉ ቆረጥ አድርጎ ባልዲ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ደህናው ይሰምጣል። በጣም የሰባው ይንሳፈፋል።

አሁን ዓምዳችሁን ልጠይቅ። ይህ ቢጫ ጉበት የማን ይመስላችኋል? ለበዓል ሲቀለብ የከረመው፣ ሽንጡ በጮማ የተሸፈነው ሰንጋ? አይደለም። የእሱ ጉበት አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ጉበት ወዳጅ ሁሉ የሚሻማበት ዓይነት። ቢጫውን ይዛ የምትመጣው ክልሷ የወተት ላም ናት። ከወለደች ብዙ ያልቆየች፣ ወተቱ ሲጎርፍ መኖው ያልደረሰላት፣ አጥንቷ ያገጠጠ። ባለቤቷ ምግብ እምቢ ስትለው ተስፋ ቆርጦ ያመጣታል። መንታ አርግዛ የተራበች በግም እንደዚያው ናት። እዚህ ላይ የጮማው ሂሳብ ይፈርሳል። የሰባው በሬ ጉበቱ ቀይ፣ የከሳችው ላም ጉበቷ ስብ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላሚቱ ለወተቱ የሚሆን ጉልበት ከመኖ ስታጣ የራሷን ጀርባ ታቀልጣለች። የቀለጠው ስብ በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ከሚችለው በላይ ይመጣበታል። የሚችለውን ያህል ያቃጥላል፣ የተወሰነውን ወደ ደም መልሶ ይልካል፣ የቀረው እዚያው ይከማቻል። በተለይ ስትወልድ ከመጠን በላይ ወፍራ የነበረች ላም ከሆነች ይብሳል፤ የሚቀልጥ ብዙ አላትና።

ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ደረቅ ወደቡን ያስብ። ኮንቴይነር ከጅቡቲ ይመጣል፣ ይራገፋል፣ ይፈተሻል፣ በመኪና ወደየከተማው ይወጣል። የሚገባው ከበዛ ግቢው ይሞላል። የሚገባው እንደ ወትሮው ሆኖ የሚያወጡት መኪኖች ከቆሙም ይሞላል። አጥሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። የሚያየው የተከመረ ኮንቴይነር ነው። አልትራሳውንድም የሚያየው ይህንኑ ነው። ክምሩን ያያል። ለምን እንደተከመረ አይነግርም።

በጉበት ሕዋስ ውስጥ መንገዱ በብዙ ቦታ ሊዘጋ ይችላል። ረሃብና ያልተያዘ የስኳር በሽታ ከሰውነት ስብ አቅልጠው ወደ ጉበት ይልካሉ። አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶች ሕዋሱ ስብ የሚያቃጥልበትን ክፍል ያዳክማሉ። የኦክስጅን እጥረትም እንዲሁ። ደግሞ ስብ ብቻውን ወደ ደም አይወጣም። በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ፕሮቲኑን መሥራት ያልቻለ ሕዋስ ስቡን ታቅፎ ይቀመጣል። ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው መርዝ እንዲህ ነው የሚሠራው። ጉበት ብቻም አይደለም። ልብም፣ ኩላሊትም፣ ጡንቻም ሲጎዱ ስብ ይይዛሉ። ለረጅም ጊዜ ደሙ በጣም ያነሰ ሰው ልቡ ውስጥ ቢጫና ቀይ መስመር ተሠርቶ ይገኛል።

ደብረ ዘይት ስንማር ይህን በማይክሮስኮፕ አሳይተውናል። የሰባ ጉበት ስላይድ ስናይ ስብ የሚባል ነገር የለበትም። ክብ ክብ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው። ናሙናው ሲዘጋጅ በአልኮልና በዛይሊን ስለሚታጠብ ስቡ ሟሙቶ ይሄዳል። የሚቀረው ቦታው ነው። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች የሕዋሱን አስኳል ገፍተው ጥግ አስይዘውታል። ስቡን ራሱን ለማየት ናሙናው ሳይታጠብ መቀዝቀዝ፣ በስሱ መቆረጥና ሱዳን በሚባል ቀለም መነከር አለበት። ያኔ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ብርቱካናማ ቀይ ሆኖ ይወጣል። መምህራችን ቀዳዳ ማየትና ስብ ማየት ለየቅል መሆኑን አጥብቀው ነበር የሚነግሩን። ቀዳዳ በውሃም ይፈጠራል፣ በሌላም ይፈጠራል።

ስለ ምግቡ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ልስጥ። ፈረንሳዮች የዝይና የዳክዬ ጉበት አስብተው በውድ ዋጋ ይበሉታል። ወፏን ምን እየጋቱ የሚያሰቧት ይመስላችኋል? ቅቤ አይደለም። በቆሎ ነው። ድሮ ሮማውያን በለስ ያበሏት ነበር። ጉበት ከስታርችና ከስኳር ራሱ ስብ ይሠራል። ይህን የእንቁላል ዶሮ የሚያረቡ ሰዎችም ያውቁታል። በትንሽ ቤት ታጉራ ጉልበት ሰጪ መኖ የበዛላት ዶሮ ጉበቷ ሰብቶ፣ ተሰንጥቆ፣ በድንገት ደም ፈስሷት ትሞታለች። ላዩዋን ስታያት ደህና ነበረች።

ወሎ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ስለ ሰባ ጉበት ሲያወሩ 77ን መዝለል አይቻልም። ያኔ ወጣት ነበርኩ። ባቲ መጠለያ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። እግራቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የቀላ፣ ቆዳቸው የተላጠ፣ ሆዳቸው የተነፋ ሕፃናት አይቻለሁ። አላውቅም ነበር እንጂ የእነዚያ ልጆች ጉበት በስብ የተሞላ ነበር። ይህ ዓይነቱ የምግብ እጥረት ክዋሺዮርኮር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም ጎልድ ኮስት፣ ማለትም የዛሬዋ ጋና፣ ሆነው ነው በሕክምና መጽሔት ያስተዋወቁት። አንዱ ምክንያት ያልኳችሁ ነው፤ ስቡን ጠቅልሎ የሚያወጣው ፕሮቲን ይጎድላል። ጮማ በሕልሙም ያላየ ልጅ ጉበቱ ይሰባል። ዓምዳችሁ የሰባ ጉበትን የጥጋብ በሽታ ብቻ አድርጎ ሲያቀርበው ያናደደኝ አንዱ ይህ ነው። ደግነቱ ልጁ ተመግቦ ከዳነ ስቡ ይጠፋል። ወደ ጠባሳ ሲሄድም ብዙ አይታይም።

ይህን ሁሉ ያስወራኝ ግን የእህቴ ልጅ ናት።

ደሴ ሆጤ ነው የምትኖረው። ልብስ ሰፊ ናት። 46 ዓመቷ ነው። መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም። እጅና እግሯ ቀጭን ነው፤ ሆዷ ብቻ ገፋ ብሏል። ቀኝ ጎኗን እየወጋት አልትራሳውንድ ተነሳች። የሐሞት ጠጠር የለም ተባለች። ጉበትሽ ስብ አለው ተባለች። ወረቀቷን ተቀብላ ስትወጣ ያገኘችው ምክር ስብ ቀንሺ የሚል ብቻ ነው። ማን እንዳለ ስም አላነሳም። በየቦታው የሚባል ነገር ነው።

እሷ ደግሞ ታዛዥ ናት። ስብ ቀነሰች። ቅቤ አቆመች፣ ስጋ አቆመች፣ እንቁላል ሁሉ ተወች። በምትኩ ምን በላች? ጠዋት ዳቦ በሻይ። ምሳ ማኮሮኒ። የደሴ ብርድ ሲመጣ ሻይ በሻይ ላይ። ሻይዋ ደግሞ ማንኪያው ስኳሩ ውስጥ የሚቆም ዓይነት ነው። ስፌት ላይ ሲደክማት ለስላሳ። እንግዳ ሲመጣ ቀሪቦ። ወራት አልፈው ድጋሚ ስትነሳ ጉበቷ ያው ነው። እንዲያውም ብሷል ተባለች።

"ጋሼ፣ ምን ልተው? የቀረኝ ውሃ ብቻ ነው" ብላ ደወለች።

"አብሽሪ፣ መጀመሪያ ስኳርሽን ተለኪ" አልኳት።

በባዶ ሆድ 168 ሆነ። 126 እና ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ተደገመ፤ ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ያገኘቻት ሐኪም ጥሩ ሰው ነበረች፤ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። መድኃኒት ጀመረች። ስኳሩ ቆመ። እንቁላሉ ተመለሰ። ቅቤም ቢሆን በልኩ ተፈቀደላት። ጉዳዩ ከመጀመሪያው ስኳሩ ነበር። አልትራሳውንዱ ክምሩን አሳየ፣ ስብ ቀንሺ የተባለው ምክር ግን ወደ ተሳሳተው በር ላካት።

እኔ መጠጥ አልጠጣም፣ እኔን አይነካኝም የሚል ሰው ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ነው። ግማሹ በሃይማኖቱ ምክንያት አይቀምስም። እ.ኤ.አ. በ1980 ማዮ ክሊኒክ ይሠሩ የነበሩት ሉድዊግ የተባሉ የፓቶሎጂ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የ20 ሕመምተኞችን ጉበት መርምረው ያወጡት ጽሑፍ አለ። ጉበቱ ሲታይ የጠጪ ጉበት ነው። ሰዎቹ ግን ጠጪ አልነበሩም። የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ውፍረት ነበረባቸው፤ ስኳር ያለባቸውም ነበሩ። ዛሬ በዓለም ላይ ከ4 አዋቂዎች ቢያንስ 1 የሚሆነው ጉበቱ ላይ ስብ አለው ተብሎ ይገመታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ አረቄ ቤት የሚውል አይደለም።

የሚጠጣውም ቢሆን ይስማ። አልኮል ጉበትን ለማስባት ዓመታት አይፈልግም። ከባድ ጠጪ ላይ ቶሎ ይታያል። ደህናው ዜና፣ በዚህ ደረጃ ላይ ካቆመ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ስቡ ሊጠፋ ይችላል። ካላቆመ ግን የአዋቂ ሰው ጉበት ሚዛኑ 1 ኪሎ ተኩል አካባቢ የነበረው 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። 4 ኪሎ! ቄራ ውስጥ የአንድ በሬ ጉበት ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ስቡ ራሱ ምን ያመጣል ለሚለው ዓምዳችሁ በጣም አስፈራርቷል። መጨረሻው ካንሰር ነው ብሎ ነው የዘጋው። ይህም ልክ አይደለም። የብዙ ሰው ጉበት ስብ ይዞ ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ ይኖራል። አያምም። አይሰማም። ቀኝ ጎን ላይ ትንሽ የመክበድ ስሜት ሊኖር ይችላል፤ በቃ። ችግሩ የተወሰኑት ላይ ነገሩ እዚያ አይቆምም። ስብ የታጨቀበት ሕዋስ ይቆጣል። ይነፋል። ይሞታል። ሰውነት የሞተውን ቦታ በጠባሳ ይደፍናል። ጠባሳው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተያያዘ ጉበቱን በገመድ እንደታሰረ ይከፋፍለዋል። ያኔ ጉበቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይጓጉላል። ሆድ ውሃ ይቋጥራል። ዓይን ቢጫ ይሆናል። የጉሮሮ ደም ሥር አብጦ ይፈነዳና ሰውየው ደም ያስታውካል። ካንሰሩም የሚመጣው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ ዓመታትን፣ ብዙ ጊዜም አሥርት ዓመታትን ይፈጃል። ስለዚህ ወረቀት ይዞ የወጣ ሰው በዚያው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለም። ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ የሚያድርበትም ምክንያት የለም።

ሌላ ያልተነገረ ነገር ላንሳ። የሰባ ጉበት ያለው ሰው በብዛት የሚሞተው በጉበቱ አይደለም። በልቡና በደም ሥሩ ነው። ምክንያቱም ጉበቱን ያሰባው ነገር፣ ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ የሆዱ ስብ፣ ልቡንም እየነካ ነው። ጉበቱ ቀድሞ ተናገረ እንጂ።

አሁን ወደ ጥቅሙ። ስብ አለ የተባለ ሰው ቀጥሎ ማወቅ ያለበት ጠባሳ አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ መኖሩን አውቃለሁ። ግን ከዚያ በፊት በቀላል ሂሳብ የሚገኝ ነገር አለ። ፊብ-4 ይሉታል። የሚያስፈልገው ዕድሜ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች፣ እና ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋ ሕዋስ ቁጥር ነው። ሦስቱ ተራ የደም ምርመራዎች ናቸው። ዕድሜን በኤኤስቲ ታበዛለህ። ከዚያ ፕላትሌቱን በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት አባዝተህ ባገኘኸው ታካፍላለህ። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከዚያ ከበለጠ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። ዕድሜው ከ65 ያለፈ ሰው ላይ መነሻው 2 ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ቦርሳ ውስጥ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ነበሩ። ኤኤስቲ 38፣ ኤኤልቲ 44፣ ፕላትሌት 230። ወረቀቱ ከአልትራሳውንዱ ጋር በስቴፕለር ተያይዞ ነበር። የአንዱም ሰው ዓይን አላረፈበትም። ልጇ በስልኩ ካልኩሌተር ሠራው። 1.15። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ይህ ሂሳብ ብቻውን ምርመራ አይደለም፤ ሐኪም ማየት አለበት። ግን ለሐኪሙ ማሳየት ማንም ይችላል።

ኤኤልቲው ደህና ነው ተብሎ የሚታለፍም አለ። ስብም ጠባሳም እያለ ኤኤልቲ ደህና ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ መታየት አለባቸው። አገራችን ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም። ቫይረስና ስብ አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ ጉዳቱ ይደራረባል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሌለ ደግሞ ለእሱ ክትባት አለው።

የባህል መድኃኒት ነገር ሳይነሳ አይቀር። ጉበት የሚያጥብ እየተባለ የሚሸጥ ዱቄት አለ፤ ገበያ ውስጥም አለ፣ በስልክም ይታዘዛል። አንድ ጎረቤቴ ይህንኑ ወስዶ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ አየሁ። የወፍ በሽታ ያዘኝ እያለ ሌላ ቅጠል ሊጨምርበት ነበር። የሚጠጣው ነገር ሁሉ ተሠርቶ የሚያልፈው በጉበት ነው። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይቻልም። ሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ታህታይ ቆራሮ ወረዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2001 ገደማ ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ፣ ጉበታቸው እያበጠ ሲሞቱ ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም ነበር። ኋላ ሲጠና ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል የዕፅዋት መርዝ ተገኘ። ከእህሉ ጋር የሚበቅል አረም ነው ይዞት የመጣው። አረሙም ተፈጥሯዊ ነበር።

የሚረዳው ነገር አሰልቺ ነው። ለዚህ ነው ሻጭ የሌለው። ውፍረት ያለበት ሰው ከክብደቱ 5 ከመቶ ቢቀንስ ከጉበቱ ስብ ይቀንሳል። ከ7 እስከ 10 ከመቶ ከደረሰ ቁጣውም ይበርዳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠባሳው ራሱ ሊሻሻል ይችላል። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 8 ኪሎ ማለት ነው። ቀስ ብሎ ይሁን። በአንዴ ተርቦ መክሳት የላሚቱን ታሪክ ያመጣል። ክብደት ባይቀንስም መራመድ በራሱ ይጠቅማል። ደሴ ዳገት አላጣችም መቼም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሬስሜቲሮም የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። እሱም ቢሆን ጠባሳ ለጀመራቸው ሰዎች ነው እንጂ ስብ ብቻ ላለበት የታሰበ አይደለም።

ለወሎ ሰው አንድ የምሥራች አለኝ። ቡና። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳ የመገኘቱ ነገር አነስ ያለ እንደሆነ በብዙ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም ይቀጥል። ስኳሩ ይውጣ። የጫቱን ነገር ግን በዚሁ አታጣፍጡት። ጫት ራሱ ጉበት ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ከጎኑ የሚወርደው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። ረመዳን ላይም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ማታ ጁስ በጁስ ላይ፣ ሳምቡሳ በሳምቡሳ ላይ ካወረደ ጉበቱ አላረፈም። የሁዳዴ ጾመኛም ቅቤ አልነካሁም ብሎ አይኩራራ። ዳቦና ማር ይቆጠራል።

የዓምዱ ጸሐፊ ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ላስቸግራቸው። በሚቀጥለው እትም አንድ ትንሽ ሳጥን ይክፈቱልንና ጉበትሽ ስብ አለው የተባለች ሴት ከክሊኒክ ከመውጣቷ በፊት ምን ምን መጠየቅ እንዳለባት ይጻፉላት። ስኳር፣ ግፊት፣ የሄፓታይተስ ምርመራ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ያ ያልኩት ሂሳብ። ሰው ገጿን ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ይይዛታል። እኔም አንዷን ለሆጤ ልካለሁ። ከላይ ከጻፍኩት ቁጥር ያልተስማማችሁበት ካለ ሐኪም አሳዩና አርሙት። ቦታ ጠቦ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ግን የቡናውን ቁረጡ እንጂ የላሚቱን አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር

ጡረተኛ የስጋ መርማሪ
ከኮምቦልቻ